ባለታሪኳ ትናገር ወይስ ዝም ትበል?

ጥያቄ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የመጀመሪያ ጌማችንን እየሠራን ነው። ሁሉም ነገር የሚታየው በባለታሪኳ ዓይን ነው። ሐኪም ናት፤ በተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የጠፋች እህቷን ትፈልጋለች። እህትየው በሬዲዮ ታናግራታለች። የባለታሪኳን ስም የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው፤ መልሷንም ከአማራጮች ይመርጣል። አንዳችን ‹ድምፅ ከሌላት ሕይወት የላትም› ይላል። ሌላችን ‹ከተናገረች እኔ መሆኗ ይቀራል› ይላል። እኔ መሃል ቤት ቀርቻለሁ። ገንዘባችን የሚበቃው ለአንድ የድምፅ ተዋናይ ብቻ ነው። ምን ይሻላል?»

መልስ፦

የሁለቱን ተከራካሪዎች ነገር ልብ ብላችሁ ስሙት። አንዱ የሚያወራው ስለ ድምፅ ነው። ሌላው የሚያወራው ስለ ቃል ነው። አንድ ነገር እየመሰላቸው ነው ያልተግባቡት።

ገጸ ባህሪ ቃል ኖሮት ድምፅ ላይኖረው ይችላል። በ2023 የወጣውን ባልደርስ ጌት 3 የተባለውን ጌም አስቡት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ራሳችሁ የፈጠራችሁት ጀግና ከሰው ጋር ሲነጋገር ድምፁ አይሰማም። ግን ዱዳ አይደለም። ይለማመጣል፣ ይዋሻል፣ ያስፈራራል፣ ይቀልዳል። ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ስክሪኑ ላይ አንብባችሁ ትመርጣላችሁ፤ ሰውየውም እንደሰማ ሆኖ ይመልሳል። የሃፍ ላይፉ ጎርደን ፍሪማን ሌላ ነው። እሱ ቃልም የለው። ከ1998 ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የማስ ኢፌክቱ ኮማንደር ሼፐርድ ደግሞ ቃልም ድምፅም አለው። ስለዚህ ምርጫችሁ ሦስት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «ዝምተኛ» በሚል አንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው ክርክሩ የማያልቀው።

ከእውነተኛው ዝምተኛ ልጀምር። የጌም ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች፤ እኔም ወድቄባታለሁ። «ጀግናው ካልተናገረ የምጽፈው ይቀንሳል» ብሎ ማሰብ ነች። አይቀንስም። እሱ ያላለውን ሌላ ሰው ሊለው ግድ ነው። ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ ሌላው ላይ ይጫናል እንጂ አይጠፋም።

ጎርደንን ሰው ያደረጉት በዙሪያው ያሉት ናቸው። በመጀመሪያው ጌም የበሩ ጠባቂ ገና ሲያየው እንዳረፈደ ይነግረዋል። ያቺ አንዲት መስመር ስንት ነገር ትሠራለች! ሥራ አለው፤ እዚህ ቤት ይታወቃል፤ ዛሬ ደግሞ ዘግይቷል። ይህን ሁሉ ያወቅነው እሱ አፉን ሳይከፍት ነው። በ2004ቱ ሃፍ ላይፍ 2 ደግሞ አሊክስ የምትባለው አጋሩ ገና ከመተዋወቃቸው ወሬ እንደማያበዛ ትቀልድበታለች። ደራሲዎቹ ዝምታውን ሊደብቁት አልሞከሩም። ተጫዋቹ «ይሄ ሰውዬ ለምንድነው የማይመልሰው?» ከማለቱ በፊት ቀድመው አሉለት።

ፖርታል 2 ከዚህም ያልፋል። ዊትሊ የሚባለው ለፍላፊ ሮቦት ከረጅም እንቅልፍ የነቃችውን ባለታሪኳን ቼልን «እስቲ አዎ በይ» ይላታል። ስክሪኑ ለመናገር የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኑ ያሳያችኋል። ትጫኑታላችሁ። ቼል ትዘላለች። የመዝለያ ቁልፍ ነበራ! ሮቦቱም «እያደረግሽ ያለሽው እኮ መዝለል ነው» ብሎ ይታዘባታል። ጌሙ በ2011 ከወጣ ወዲህ ስለ ዝምተኛ ጀግና ብዙ አንብቤያለሁ። ያቺን ትዕይንት የሚያህል ማብራሪያ ግን አላገኘሁም። መናገር የማይቻልበት ዓለም ውስጥ እንዳላችሁ በሳቅ ይነግራችኋል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተመልሶ አይመጣም።

ዝምታ ጠባይም ሊያሳይ ይችላል። በ2016ቱ ዱም ውስጥ አንድ ባለሥልጣን ያ ሁሉ ጥፋት ለሰው ልጅ ጥቅም ሲባል የተደረገ መሆኑን በስክሪን ያስረዳል። ጀግናው አጠገቡ የተጋደመውን አስከሬን ያያል። ከዚያ ስክሪኑን በቡጢ ይለዋል። ምን ተናግሮ ከዚያ የበለጠ ይገባን ነበር? እናንተም የምትሠሩት በባለታሪኳ ዓይን የሚታይ ጌም ነውና ይህን ያዙልኝ። ከሰውነቷ የሚታየው እጇ ብቻ ነው። እጅ ደግሞ ብዙ ያወራል። እመለስበታለሁ።

የዜልዳ ጌሞችን ጀግና ሊንክን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2017 ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ሲወጣ በዋናዎቹ የዜልዳ ጌሞች ውስጥ ገጸ ባህሪያት ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ተናገሩ። ሊንክ ብቻ ዝም አለ። ያማረው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው። የልዕልት ዜልዳን ማስታወሻ ደብተር ፈልጎ ያነበበ ተጫዋች ምክንያቱን ያገኛል፤ ሰው ሁሉ ስለሚያየው፣ ሸክሙን በዝምታ መሸከም እንዳለበት ስለሚያምን ነው ዝም የሚለው። የቆየ የጌም ልማድ በአንድ ገጽ ጽሑፍ የሰው ጠባይ ሆነ። አንድ ገጽ ብቻ! የድምፅ ተዋናይ አላስፈለገም።

ታዲያ ዝምታ የሚበላሸው መቼ ነው? ጀግናው የሚያውቀውን ተጫዋቹ ሳያውቅ ሲቀር።

ዴድ ስፔስ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ያው ሰውዬ ሁለቱንም ሆኖ ታይቷልና። በ2008ቱ ጌም መሐንዲሱ አይዛክ ክላርክ አይናገርም፤ ይጮሃል፣ ያቃስታል፣ በቃ። የጠፈር መርከቡ ላይ የሚወዳት ሴት አለች። ባልደረቦቹ በሬዲዮ «ይህን ጠግን፣ ያንን ክፈት» ይሉታል። እሱ ሄዶ ይጠግናል። ሙያ አለው፣ ፍቅር አለው፣ ፊት አለው፤ ስለ አንዱም ግን ምንም አይልም። እኔ ስጫወተው የሚላክ ልጅ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ። በ2011 ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ድምፅ ተሰጠው። በ2023 የመጀመሪያው እንደገና ሲሠራም ድምፁን ይዞ መጣ። ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት፤ አይለፈልፍም። ሲያናግሩት ይመልሳል፣ መሐንዲስ እንደመሆኑ መላ ያመጣል፣ ብቻውን ሲሆን ዝም ይላል። አስፈሪነቱ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልቀነሰም።

አሁን ወደ ተናጋሪው። ድምፅ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ አስተያየት ይዞ ነው የሚመጣው። የሜትሮይድ ጌሞች ጀግና ሳሙስ ለብዙ ዓመት ከሞላ ጎደል ዝም ብላ ኖረች። ተጫዋቾች በዝምታዋ ውስጥ ቆራጥነት አነበቡ። በ2010 አዘር ኤም የተባለው ሜትሮይድ ሲመጣ ስለ ራሷ ረጅም ንግግር ታደርግ ጀመር። ብዙ ሰው ተቆጣ። የተቆጣው ስለተናገረች ብቻ አልነበረም፤ የተናገረችው ሰዉ ለዓመታት በልቡ ከሠራት ሳሙስ ጋር ስላልገጠመ ነው። በ2021ዱ ሜትሮይድ ድሬድ አንድ ጊዜ ብቻ አጭር ነገር ትናገራለች፤ ያውም በሰው ቋንቋ አይደለም። በጌሙ ሁሉ የማይረሳው ድምፅ እሱ ነው። ብዙ ዝም ያለ ሰው ሲናገር ቤቱ ጸጥ አይደል የሚለው?

ሁለተኛው አደጋ እናንተን በቀጥታ ይነካል፤ መልስ ከአማራጭ እናስመርጣለን ብላችኋልና። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። በጌም ግን ያመለጠው አፍ የእናንተ ያልሆነ ነው። በ2011ዱ ኤል ኤ ኑዋር መርማሪ ፖሊስ ናችሁ። ምስክሯ ትንሽ የደበቀችው ነገር ያለ ይመስላችኋል፤ «ተጠራጠር» የሚለውን ትመርጣላችሁ። በለሆሳስ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላል ብላችሁ ስትጠብቁ ሰውዬው ይጮህባታል፤ ወንጀለኛ ያደርጋታል። «ኧረ እኔ እንደዚህ አላልኩም!» ያላለ ተጫዋች ያለ አይመስለኝም። በ2017 ጌሙ እንደገና ሲወጣ የአማራጮቹን ስም ቀየሩት።

ፎልአውት 4ም እዚሁ ነው የተደናቀፈው። ከዚያ በፊት በነበረው ፎልአውት 3 ጀግናው ድምፅ አልነበረውም፤ የምትሉትን ሙሉውን ታነቡ ነበር። በ2015 ለወንዱም ለሴቷም ተዋናይ መጣ፤ እያንዳንዳቸው ከ13 ሺህ በላይ መስመር ቀዱ። ያ ሁሉ መስመር ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው በአራት አጫጭር አማራጭ ተጨፍልቆ ነው። «ሽሙጥ» የሚል ቃል ትመርጣላችሁ፤ ሽሙጡ ምን እንደሆነ የምታውቁት ከተነገረ በኋላ ነው። ተጫዋቾች ራሳቸው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ማሻሻያ ሠርተው በነፃ አሰራጩ። ያው የፎልአውት 4 ሠሪ ቤቴስዳ በ2023 ስታርፊልድን ሲያወጣ ጀግናውን መልሶ ድምፅ አልባ አደረገው። እኔ በዚህ ከስታርፊልድ ጋር ነኝ። ተዋናዮቹ ግን ጥፋት የለባቸውም፤ ጥሩ ነው የሠሩት። ጥፋቱ በምርጫውና በንግግሩ መሃል የተተወው ክፍተት ነው።

ሁለቱን ለማስታረቅ ከተሞከረው ሁሉ እኔን ያስቀናኝ ዲስኮ ኤሊሲየም ነው። በ2021 በወጣው ሙሉ ድምፅ ባለው እትም ሰዉ ሁሉ ይናገራል። የመርማሪው የጭንቅላቱ ውስጥ ሐሳቦች ሳይቀሩ ይናገራሉ፤ ይጨቃጨቃሉ፣ ይመክሩታል፣ ያሳስቱታል። እሱ ራሱ የሚላቸው መስመሮች ግን ድምፅ የላቸውም። ታነቡና ትመርጣላችሁ። ዙሪያችሁ ሁሉ ጫጫታ ሆኖ መሃሉ ላይ እናንተ ብቻ ጸጥ ያላችሁ ናችሁ። ስለዚህ ቦታው ለእናንተ እንደተተወ ይሰማችኋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ድምፅ ውድ የሚሆነው በተዋናይ ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ስክሪፕቱን ድንጋይ ላይ እንደመጻፍ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ እኔ የነበርኩበት ቡድን ቸኮለና ጌሙ ሳያልቅ የባለታሪኩን ንግግር በሙሉ ቀዳ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ክፍል ከባድ ስለሆነ ከጌሙ አስወጣነው። ባለታሪኩ ግን በሦስት የተለያየ ቦታ እዚያ ክፍል ውስጥ ስላገኘው ቁልፍ ያወራል። ተዋናዩ ሌላ ሥራ ይዟል። ከሌላ ቦታ ቃል እየቆረጥን ስንቀጥል ከረምን። ውጤቱ ጉንፋን የያዘው ሮቦት ይመስል ነበር። ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ ነው።

ቁጥሩንም አስሉት። በሬዲዮ 60 ጊዜ ቢነጋገሩና በየጊዜው 3 አማራጭ ብትሰጡ የባለታሪኳ መስመር 180 ይሆናል። ተጫዋቹ በአንድ ዙር የሚሰማው 60ውን ብቻ ነው። ለ120ው ከፍላችሁ አይሰማም። አንድ ተዋናይ ብቻ ላለው ቡድን ይህ ቀልድ አይደለም።

ስሟም አለ። ተጫዋቹ ስም ካወጣ የተቀዳ ድምፅ ያን ስም ሊጠራው አይችልም። በ2001ዱ ፋይናል ፋንታሲ 10 የጀግናው ስም ቲደስ ነው፤ ተጫዋቹ ሊቀይረው ስለሚችል ግን በዚያ ረጅም ጌም ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በስሙ አይጠራውም። ማስ ኢፌክት ሁሉንም «ሼፐርድ» አሰኝቶ ገላገለው፤ የፊት ስሙን ብቻ ነው የምታወጡት። ፎልአውት 4 ውስጥ ያለው ሮቦት አንድ ሺህ ገደማ ስሞች ተቀድተውለታል። ያ የሀብታም መፍትሔ ነው። የእናንተ ቀላል ነው፤ የምትጠራት እህቷ አይደለች? እህት እህቷን በመዝገብ ስሟ አትጠራም። የልጅነት ቅጽል ስም ስጧትና አንድ ጊዜ ቅዱት። እንዲያውም ከስሙ ይልቅ እሱ ነው እህትማማችነታቸውን የሚነግረን።

ከሁሉም ለእናንተ የሚቀርበው ፋየርዎች ነው። በ2016 ትንሽ ቡድን የሠራው፣ በባለታሪኩ ዓይን የሚታይ፣ ሰውዬው ጫካ ውስጥ ሆኖ ከአንዲት ሴት ጋር በሬዲዮ የሚነጋገርበት ጌም ነው። ሁለቱም ይናገራሉ፤ ያምራልም። «እንግዲያው ይኸው፣ ድምፅ ይሻላል» እንዳትሉኝ። መጀመሪያውን አስታውሱ። የሰውየው ትዳር ታሪክ የሚቀርበው በጽሑፍ ነው። ታነባላችሁ፣ ትመርጣላችሁ፣ ሙዚቃው ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የሚናገር የለም። ተናጋሪ ጀግና ያለው ጌም እንኳ ያለፈውን ሕይወቱን ከተጫዋቹ ጋር ማካፈል ሲፈልግ ድምፁን አጥፍቶ ነው ያካፈለው። ሌላም አለ፤ ሬዲዮው ሲጠራ ዝም ብትሉ ዝምታችሁ እንደ መልስ ይቆጠራል። ይህችን ሳታፍሩ ውሰዷት።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ድምፁን ለእህትየው ስጧት። ባለታሪኳ ቃል ይኑራት፣ ድምፅ አይኑራት።

አንዱ ጓደኛችሁ «ሕይወት አይኖራትም» ያለው ፍርሃት እውነት ነው፤ ግን የሚድነው በሌላ መድኃኒት ነው። ትንፋሿን ቅዱ። ስትሮጥ፣ ስትፈራ፣ ጠባብ ቦታ ስትሾልክ የሚለየውን ትንፋሽ። እጇን አሠሩት። ሐኪም ናት አላችሁ፤ የወደቀ ሰው ስታገኝ ተጫዋቹ ሳያዛት እጇ በልማድ ወደ አንገቱ የደም ሥር ይሂድ። አንዴ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሐኪም መሆኗን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ብቻዋን ስትሆን ደግሞ አታስለፍልፏት። በ2022 የወጣው ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት ድንቅ ጌም ነው፤ ባለታሪኳ አሎይ ግን ከቦርሳዋ የተረፈውን ዕቃ ወደ ማከማቻ ስለመላኳ ደጋግማ ስታወራ ሰው ሰለቸውና ሠሪዎቹ በአፕዴት ቀነሱት። መቶ ጊዜ የሚሆን ድርጊት ላይ አንድ መስመር አትለጥፉ። በጽሑፍም ቢሆን።

ዋናው የሥራ ጫና የሚወድቀው እህትየው ላይ ነው። አንድ ሰው ስልክ ሲያወራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? የወዲያኛውን ሳትሰሙ ምን እንደተባለ ይገባችኋል። እንደዚያ ነው የምትጽፉት። ብዙ ጀማሪ ግን እንዲህ ይጽፋል፦ «ምን አልሽ? መሰላሉ ተሰብሯል ነው ያልሽው?» እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም። «እንዳትወርጂበት! ገመድ ነበር፣ ከጀርባሽ ፈልጊው» ስትል ግን መሰላሉ መሰበሩን አወቅን፣ ቦታውን እንደምታውቀው አወቅን፣ መፍራቷንም አወቅን። ተዋናይ ከመጥራታችሁ በፊት ሁሉንም በራሳችሁ ድምፅ በስልክ ቅዱና ጌሙ ውስጥ ክተቱት። ያስቃል። ግን የትኛው መስመር እንደሚረዝም፣ የትኛው እንደማያስፈልግ በአንድ ቀን ታውቃላችሁ።

ይሄ አስተማማኙ መንገድ ነው። እኔ ብሆን ግን አንድ እርምጃ እጨምር ነበር። ጉድጓድ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ቆሞ ሦስት ረጅም ዓረፍተ ነገር ማንበብ ፍርሃቱን ያበርደዋል። እንግዲያው ሬዲዮው ይበላሽ። መስማት ትችላለች፤ መናገሪያው ግን አይሠራም። ያላት ቁልፉን መጫን ብቻ ነው፤ አንድ ጠቅታ «አዎ»፣ ሁለት ጠቅታ «አይ»። ዝም ካለች ዝም ብላለች። እህትየው ትጠይቃለች፤ «ተጎድተሻል?» ተጫዋቹ ለመዋሸት የሚያስፈልገው አንድ ጣት ነው። ዝምታው ምክንያት አገኘ፤ ማንም «ለምን አትናገርም?» አይልም። የአማራጭ ጽሑፉም ቀረ፣ ወጪውም ቀረ። ለጠቅታው የምትቀዱትን ድምፅ ግን አትናቁት፤ የባለታሪካችሁ ድምፅ እሱ ነውና አሥር ዓይነት ሞክሩ።

ወደ መጨረሻው ላይ መናገሪያው ይጠገን። ቁልፉን ትጫናለች፣ እናም አንዲት ነገር ትላለች። የእህቷን የልጅነት ስም ሊሆን ይችላል። «ለዚያች ለአንዲት ቃል ሁለተኛ ተዋናይ ከየት እናመጣለን?» ካላችሁ፣ እህትየውን የተጫወተችው ራሷ ትበላት። እህትማማቾች አይደሉ? ድምፃቸው ቢመሳሰል ማን ይገርመዋል?